ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህ ቦታ የቆሙት ታላላቆቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጤና አጠባበቅ ተናግረዋል። እኛ ግን የምንናገረው ስለ አንድ የክፍል ጓደኛችን ነው። ስሙን አንጠራም፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እናቱም እሱም ስለ እሱ እንድንናገር ፈቅደውልናል። እሱ የፈቀደው በአንድ ውል ነው፤ ውሉን በንግግራችን መጨረሻ እንገልጸዋለን።

ይህ ጓደኛችን ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። ኦቲዝም ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ብዙ ስለሆነ በመጀመሪያ በአጭሩ እናስረዳለን። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። የልጁ አእምሮ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ከብዙዎቻችን በተለየ መንገድ ስለሚያድግ የሚመጣ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሰው ጋር መግባባት ይቸግረዋል፤ የለመደው ሥርዓት ሲፈርስ ይጨነቃል፤ እኛ ከቁም ነገር የማንቆጥረው ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ጨርቅ እሱን ሊያሠቃየው ይችላል። አንድን ነገር ከወደደም አብልጦ ይወዳል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዕድሜአቸውን ሙሉ አንድ ቃል የማይናገሩና የሰው ርዳታ የማይለያቸው አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር እስከ መሆን የደረሱም አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ሂሳብ ለሚወድ ተማሪ፣ 1000 ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ወደ 8 የሚጠጉ ይገኛሉ ማለት ነው። ካልታዩ፣ ወይ እኛ አላስተዋልናቸውም፣ ወይ በቤት ተደብቀው ቀርተዋል። (ዘመኑን ሁሉ የምንናገረው በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን እንድትገነዘቡልን እንለምናለን።)

ጓደኛችን ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣው 7ኛ ክፍል ሳለን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ስንለው ፊታችንን ሳያይ፣ «የተወለድህበት ቀን መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ቀኑንና ዓመቱን ስንነግረው «ማክሰኞ»፣ «ዓርብ» እያለ ለያንዳንዳችን ወዲያው መለሰልን። ማታ ወላጆቻችንን ብንጠይቅ እንዳለው ሆኖ አገኘነው። የእናቱ አባት የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ስለ ነበሩ ሂሳቡን ገና ሕፃን ሳለ ከእሳቸው ተምሮታል። እኛ በስማቸው ብቻ የምናውቃቸውን አበቅቴንና መጥቅዕን እሱ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ይወጣቸዋል።

ነገር ግን ለእኛ ቀላል የሆነው ለእሱ ከባድ ነበር። አንድ ቀን ወደ ስፖርት ሜዳ ስንሄድ ወደ ኋላ ቢቀር መምህራችን «እግርህን አንሣ!» አሉት፤ እሱም አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሽመላ ቆመ። ቀልድ መስሎን ሳቅን፤ እሱ ግን ትእዛዝ መፈጸሙ ነበር። ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኘ ያለቅሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደወል ነበረ። ደወል በተደወለ ቁጥር ሁለት ጆሮዎቹን ይዞ ከዴስክ በታች ይገባ ነበር።

አሁን የምንነግራችሁ የሚያሳፍረንን ነገር ነው። 8ኛ ክፍል ሳለን ከመካከላችን ጥቂቶቹ የእጅ ደወሉን ከዘበኛው ወንበር ላይ አንሥተው፣ ከኋላው ተጠግተው በጆሮው ላይ ደወሉት። የቀረነው አልደወልንም፤ ግን ሳቅን። ስለዚህ «እነሱ አደረጉት» አንልም፤ «እኛ አደረግነው» እንላለን። ጓደኛችን ጮኾ፣ ደብተሩን ጥሎ፣ በበሩ ወጥቶ ሮጠ። ከቀኑ 9 ሰዓት የወጣው ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ሳይገኝ ቀረ። መምህራን፣ ዘበኛው፣ የሰፈሩ የዕድር አባሎች፣ ሊስትሮዎቹና የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ሳይቀሩ ፈለጉት። በመጨረሻ የተገኘው በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ከአንዲት የጉልት ነጋዴ አጠገብ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አልብሰው፣ ቆሎ ሰጥተው አስቀምጠውታል፤ እሱም የሚያልፉትን አውቶቡሶች ቁጥር በወረቀት ላይ ይጽፋል። ሴትዮዋ ልጁን እንዴት እንዳወቁት ሲጠየቁ፣ እናቱ ገና ከሕፃንነቱ ጀምረው እጁን ይዘው ወደ ገበያ እያመጡ ከሁሉም ጋር ያስተዋውቁት እንደ ነበረ ነገሩን። እናቱ ልጃቸውን ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ያን ማታ ማንም ባላወቀው ነበር።

በማግሥቱ እናቱ ወደ ክፍላችን ሲገቡ ሊከሱን የመጡ መስሎን አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን «ልጆቼ፥ ቁጣ አላመጣሁላችሁም። ልጄን ስለማታውቁት ነው፤ ቅዳሜ ቤቴ ኑና ዕወቁት» ብለው ለቡና ጠሩን። በዚያች ቅዳሜ ብዙ ነገር ሰማን። ልጁ እስከ አራት ዓመቱ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ከጎረቤት አንዱ «ቡዳ ነው» ሲል፣ ሌላው «የእናቱ ኃጢአት ነው» ይል ነበር። «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገቢው» ብለው የመከሯቸው ዘመዶችም ነበሩ። እሳቸው ወደ ጠበልም ወደ ሐኪምም ወሰዱት፤ ጓዳ ግን አላስገቡትም። አያቱ በጣቶቹ ላይ ቁጥር አስተማሩት። ጎረቤታቸው የሆኑት ልብስ ሰፊ አዝራር በየቀለሙና በየመጠኑ እንዲለይላቸው ሰጡት። የዕድሩ ዳኛም አግዳሚ ወንበሩንና ብርጭቆውን መቁጠር የእሱ ሥራ እንዲሆን አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ብርጭቆ ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። የመጀመሪያ ቃሉን የተናገረውም ቁጥር ነው፤ «ሰባት» አለ።

ከዚያ በኋላ የሂሳብ መምህራችን አንድ ብልሃት አሰቡ። ልጁን ለብቻው ጠርተው ደወሉ ለምን እንደሚያስፈራው ጠየቁት። «መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» ሲል መለሰ። መምህራችንም የእጅ ሰዓት አስረውለት፣ ደወሉን አስረክበውት፣ «እንግዲህ የምታመጣው አንተ ነህ» አሉት። እነሆ አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ደወል አንድ ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ አያውቅም፤ ለዚህም መምህራን ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ሰነፎቻችን እንኳ ደቂቃ እንዲጨምርልን ብንለምነው አልሰማንም።

ይህን ነገር በቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናጠና፣ ከብዙ ዓመት በፊት በሩቅ አገር ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ አገኘን። ታሪኩ የዶናልድ ትሪፕሌት ታሪክ ነው።

ዶናልድ በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር፣ በሚሲሲፒ ክፍል፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ጠበቃ፣ እናቱ የባንክ ባለቤቶች ልጅ ነበሩ። ሕፃኑ እናቱ ስትስቅለት አይስቅም፤ አባቱ ከሥራ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ነገር ግን ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው የ25 ጥያቄና መልስ የሃይማኖት ትምህርት በቃሉ ይወጣ ነበር። ክብ ነገር ሁሉ እያሽከረከረ ይውላል፤ የደረደራቸው እንጨቶች ከተራቸው ከተዛነፉ ይጮኻል፤ «እኔ» ማለት ሲገባው «አንተ» ይል ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ልጅ የነበራቸው ምክር ከቤት ማውጣት ነበር። ስለዚህ በ1937 ዓ.ም. ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ከቤቱ ርቆ በሚገኝ የሕፃናት መኖሪያ ተሰጠ። ወላጆቹ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲያዩት ተፈቀደላቸው። ልጁ ግን ምግብ ጠላ፤ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ምንም የማይፈልግ ሆነ። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ወላጆቹ የሰውን ምክር ትተው ወደ ቤታቸው መለሱት።

በዚያው በ1938 ዓ.ም. አባቱ ስለ ልጁ ጠባይ 33 ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለሚገኙት ለዶክተር ሌዎ ካነር ላኩ። ካነር ልጁን መረመሩት፤ ከሚያውቁት በሽታ ሁሉ ከአንዱም ጋር አልገጥም አላቸው። ተመሳሳይ ልጆችን እየሰበሰቡ አጥንተው በ1943 ዓ.ም. ስለ 11 ልጆች የጻፉትን ጥናት አሳተሙ። ከ11ዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ነው። ለሁኔታውም «ራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣውን፣ ቀደም ሲል የስዊስ ሐኪም የነበሩት ኦይገን ብሎይለር በ1911 ዓ.ም. ለሌላ ሕመም የተጠቀሙበትን ቃል ሰጡት፤ ኦቲዝም የሚለው ስም በዚህ ትርጉሙ እንዲህ ተለመደ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1942 ዓ.ም. ዶናልድ ከከተማው ወጣ ብለው በሚኖሩ፣ ልጅ ባልነበራቸው በአንድ ገበሬና በሚስቱ ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። ልጁ ያየውን ሁሉ ካልለካሁ ይል ስለ ነበረ ገበሬው ጕድጓድ ሲቆፈር ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግረው አደረገው። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ይሰበስብ ስለ ነበረ መቃብር የሚሆን ቦታ ሰጠው። የበቆሎውን ተራ ደጋግሞ ሲቆጥር ባየው ጊዜም እያረሰ እንዲቆጥር ፈቀደለት። ዶክተር ካነር በ1945 ዓ.ም. ሊጠይቁት ሲሄዱ ልጁ ፈረሱን እየነዳ፣ እያረሰና እየቆጠረ አገኙት። ገበሬው የሥነ አእምሮ ትምህርት አልተማረም፤ ልጁ የሚወደውን ነገር አይቶ ሥራ አደረገለት።

ዶናልድ ወደ ፎረስት ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የሕንፃውን ጡብ በአንድ እይታ ቆጥሮ ቁጥሩን ተናገረ ብለው እስከ ሽምግልናቸው ሲያወሩ ኖረዋል። እሱ ግን ካረጀ በኋላ ሲጠየቅ ቁጥሩን እንዲያው ከራሱ እንዳመጣው አመነ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ስለ እሱ መልካም እንዲያስቡ ፈልጎ ነበር። ይህን ስናነብ ዝም አልን። ሰው አይፈልግም የተባለ ልጅ፣ ያን ጊዜ ሁሉ የፈለገው እንደኛው የጓደኛ ፍቅር ነበር። የእኛም ጓደኛ በመጀመሪያው ቀን የልደት ቀናችንን የጠየቀን ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ዶናልድ በ1958 ዓ.ም. ሚልሳፕስ ከሚባለው ኮሌጅ በፈረንሳይኛ ቋንቋ ተመረቀ። ቤተሰቡ ድርሻ በነበረው በከተማው ባንክ ሥራ ይዞ ከ60 ዓመት በላይ አገለገለ። በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፤ ጎልፍ ይጫወት ነበር፤ ብቻውን ከ30 የሚበልጡ የውጭ አገሮችን ጐበኘ፤ ከነዚህም አንዷ ግብጽ ናት። ወላጆቹ ከሞቱ በኋላም በተወለደባት ከተማ በአባቱ ቤት ሲኖር የከተማው ሰው አልተወውም። ጆን ዶንቫንና ካረን ዙከር የሚባሉ ጋዜጠኞች በ2010 ዓ.ም. ስላሳተሙት ታሪክ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ፣ ከከተማው ሰዎች ከአንድ የሚበልጡት፣ እሱን የሚጐዳ ነገር ቢያደርጉ እንደማይለቋቸው አስጠንቅቀዋቸዋል። ዶናልድ በ2023 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ክቡራን ሆይ፥ ይህን ታሪክ አሳምረን ብቻ ብንነግራችሁ ግን እውነቱን ግማሽ እናደርገዋለን። የዶናልድ ቤተሰብ ሀብታም ነበረ። ከዚህም በላይ በዚያ ጊዜ ሚሲሲፒ ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት የማይማሩበት አገር ነበረ፤ እንደ እሱ ያለ ጥቁር ልጅ በዚያው ከተማ ቢወለድ በዚያ ትምህርት ቤት በር አይገባም ነበር። ዶክተር ካነር ራሳቸው በ1971 ዓ.ም. ስለ 11ዱ ልጆች ዕጣ በጻፉት ጊዜ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የገቡት ልጆች የነበራቸውን ሁሉ እንዳጡ ተናግረዋል። እንግዲህ ልጆቹን የለያቸው የአእምሮ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደ ተቀበላቸውም ጭምር ነው።

ሌላም ስሕተት ነበረ። በምዕራብ አገሮች ለብዙ ዓመታት ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ፍቅር ማነስ ነው ተብሎ ይነገር ነበር። ዶክተር ካነርም ለዚህ ሐሳብ በር ከፍተዋል፤ ብሩኖ ቤትልሃይም የተባለ ጸሐፊ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። እናቶች በልጃቸው ሐዘን ላይ የበደለኛነት ሸክም ተጨመረባቸው። ራሱ የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ተቃውሞ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በመንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናትም ነገሩ በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳየ። በክትባት ይመጣል ተብሎ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ጽሑፍም ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ በ2010 ዓ.ም. ተሽሯል። እንግዲህ እዚያ «የእናት ብርድ»፣ እዚህ «የእናት ኃጢአት» ሲባል፣ ስሙ ቢለያይም ድንጋዩ የሚወረወረው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ዛሬ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ብትኖር፣ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንነግራታለን።

በአገራችንም ይህን የተረዱ እናት ተነሥተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ስለ ነበሩ ችግሩን በቤታቸው አይተው፣ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፍተዋል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ለእነዚህ ልጆች የተከፈተ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም። እሳቸው በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው ልጆቻችሁን አትደብቁ እያሉ ሲናገሩ፣ ብዙ ቤተሰብ የዘጋውን በር ከፈተ።

አሁን ወደ ልመናችን እንመጣለን።

ጓደኞቻችን ተማሪዎች፥ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ እናንተ ትቀራላችሁ። የሚመጣውም ዓመት እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ሊገባ ይችላል። ስታናግሩት በአጭሩና በግልጽ ተናገሩ። የሚለወጥ ነገር ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዓይናችሁን ካላየ አልሰማንም አትበሉ። ሲጨነቅ ጸጥ ያለ ቦታ ስጡት። ከሚስቁት ጋር ስቃችሁ «እኔ አልደወልሁም» አትበሉ፤ እኛ ብለነው ዛሬም አልተኛልንም።

መምህሮቻችን፥ ለአንድ ልጅ አንድ ደወል እንዳገኛችሁለት ለሌላውም የሚሆነውን እንድትፈልጉለት እንለምናለን። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ «ምን ያስፈራሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይጠይቃል።

ወላጆቻችን፥ ዋናው ጥያቄያችን ለእናንተ ነው። እኛ ከዚህ ስንወጣ ከፊላችን ኮሌጅ እንገባለን፤ ከፊላችን ሥራ እንይዛለን። ጓደኛችን ግን ወዴት ይሄዳል? እናቱ ሌሊት የሚያስቡት ይህን ነው፤ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ ሰምተናል። ዶናልድ ባንክ የሚሰጠው ዘመድ ነበረው፤ የእኛ ጓደኛ የለውም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የመጋዘን ባለቤቶች፣ የመድኃኒት መሸጫ ባለቤቶች፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች እንዳሉ እናውቃለን። ዕቃ የሚቆጥር፣ ፋይል በየቀኑ የሚደረድር፣ ሰዓት የማያሳልፍ፣ ከቆጠረው አንዲት የማያጐድል ሰው የሚያስፈልገው ካለ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ይስጠው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመካከላችን እየተፈራረቅን አብረነው ሄደን ሥራውን እናስለምደዋለን፤ ይህን ተማክረን ተስማምተናል፤ የተራ መዝገቡንም እሱ ራሱ ጽፎልናል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሃምሳውን ሎሚ እስከ ዛሬ የተሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ናቸው። ልብስ ሰፊው አንድ ወሰዱላቸው፤ የዕድሩ ዳኛ አንድ፤ የጉልት ነጋዴዋ አንድ፤ የሂሳብ መምህራችንም አንድ። እኛ ዘግይተን ነው የመጣነው፤ ግን የየድርሻችንን ይዘናል። የቀረው በዚህ አዳራሽ ለተቀመጣችሁት ነው።

ስለ ውሉ ልንነግራችሁ ቃል ገብተን ነበር። ጓደኛችን ስለ እሱ እንድንናገር የፈቀደው ንግግራችን ልክ በ5 ሰዓት ከሩብ እንዲያልቅ ነው። አሁን ደወሉን ይዞ በበሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው። የቀረን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ስለሆነና እሱ ደግሞ ይሉኝታ ስለማያውቅ፣ በዚሁ እንፈጽማለን።